ከወይራው በታች

ማክሰኞ፣ ጥር 14
መቃብር ፍለጋ፣ ሁለተኛ ቀን። ከደ/ማርቆስ በጠዋቱ ሚኒባስ እስከ ደ/ኤልያስ፣ ከዚያ በእግር። የሴት አያቴ የሺ ዛሬም አልተገኘችም። የሞተችው እማዬ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። እማዬ አሁን ሰማንያን አልፋለች፤ «ከእናቴ ጎን ቅበሩኝ» ካለች ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። ጎኗ የት እንደሆነ ግን የሚያውቅ ሰው የለም። ሰበካ ጉባኤው ደግሞ ከአስተርእዮ ማርያም ማግስት ጽሑፍ የሌላቸውን የመቃብር ድንጋዮች ለቅሞ አጥር ሊያጥርባቸው ነው። ስምንት ቀን ቀረኝ።

ጽሑፍ ያላቸውን ሁሉ አነበብኩ። ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ያልተጻፈ አላምንም። ምሳዬን ከወይራው ሥር በላሁ። መሐሏ ጎድጎድ ያለች፣ ለመቀመጫ የምትመች ለስላሳ ድንጋይ አለች። የቀኑ ግኝት ይኸው ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 15፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት
ቄሰ ገበዙ የአያታቸውን ደብተር አወጡልኝ። አያትየው የአገሩ የነፍስ አባት ነበሩ፤ ፍትሐት ያደረሱለትን ሁሉ መዝግበዋል። የሺ የምትባል የለችም። ቄሰ ገበዙ ሳቁብኝ፦ «መምህር፣ ለፍትሐት በዓለም ስሙ የሚጠራ ማን አለ? የክርስትና ስሟን ያምጡ እንጂ!»

ዕድሜ ልኬን «ማስረጃ አቅርብ» እያልኩ ተማሪ ሳስጨንቅ ኖሬ አያቴን በማትጠራበት ስም ስፈልጋት ከረምኩ።

11 ሰዓት
እማዬ የእናቷን የክርስትና ስም አታውቀውም። የአምስት ዓመት ልጅ እናቷን «እማ» ነው የምትላት። ፊቷ ግን ጨለመ። ዕድሜዋን ሙሉ «ነፍሷን ይማር» ስትል በየሺ ስም ነበር፤ ደርሷት ይሆን? ፖስታ ቤት አይደለም፣ ይደርሳል አልኳት። ሳቀች።

ዓርብ፣ ጥር 17
ወንድ አያቴን ደምሴን ፍለጋ ደብተሩን በባሎች ስም አነበብኩት። ተገኘች! «ወለተ ጊዮርጊስ፣ የደምሴ ሚስት፣ አንዲት ሕፃን ትታ። ከወይራው በታች።»
ሕፃኗ እማዬ ናት። መነጽሬን ጠረግሁ። ቄሰ ገበዙ በመስኮት ወደ ውጭ አዩ፤ ደግ ሰው ናቸው።
ከወይራው በታች ዘጠኝ ድንጋይ ቆጠርኩ። ሁሉም ዝም ያሉ። የቀረው ግምት ነው። ግምት እጠላለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 18
ስሙን ለእማዬ ነገርኳት። ደጋግማ ጠራችው። ከዚያ ሳልጠይቃት ወሬ ጀመረች። ከቀብሩ ማግስት አክስቷ ልትፈጭ ብትል የእናቷ የድንጋይ ወፍጮ ከመደቡ ተነቅሎ ጠፍቷል። አባቷን ብትጠይቀው «እናትሽ ይዛው ሄደች» አላት። እሷም አመነች። እናቷ የምትዘገየው ዱቄቱ አልደርስ ብሏት ይመስላት ነበር።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ የማክሰኞውን ገጽ ገልጬ አነበብኩ። ሌላም ጊዜ አነበብኩ። ያቺ ጎድጓዳ ድንጋይ ወፍጮ ናት።
አያቴ ላይ ተቀምጬ ዳቦ በልቻለሁ።
ለእማዬ ተናዘዝኩ። «እሰይ! እሷስ ብትኖር ሳታበላህ ትሸኝህ ነበር?»

እሑድ፣ ጥር 19
እማዬን በሚኒባስ፣ ከዚያም በባጃጅ እስከ ቤ/ክ በር። ከበሩ እስከ ወይራው ትከሻዬን ተደግፋ። መንገዱን ሙሉ ቀስ በል እያለች ትቆጣኛለች። ድንጋዩን ስታይ ግን ለቀቀችኝ። ተንበረከከች። አፈሩን በነጠላዋ ጠርጋ መዳፏን ጎድጓዳው ላይ አሳረፈች። ብዙ ቆየች።
«እማ፣ ዱቄቱ በቃን» አለቻት። «እረፊ።»
እኔ ወይራውን አየሁ። ደህና ወይራ ነው።

ቄሰ ገበዙ ለአጥር እንዳይወሰድ ስም ይቀረጽበት አሉ። እማዬ አሻፈረኝ አለች፤ «የእናቴ ወፍጮ በመሮ አይነካም።» ከእናቷ ጎን ያለውን ቦታ በእርምጃ ለክታ ጠበበኝ አለች። ይበቃል አልኳት። እንግዲያስ አልቸኩልም አለች።

ነገ ድንጋይ ጠራቢ ይዤ እሄዳለሁ። ሌላ ድንጋይ፣ የአያቴ ሁለቱም ስሞች ተቀርጸውበት፣ በራስጌዋ ይተከላል። ወፍጮው እንዳለ ይቀመጣል። ምሳም እይዛለሁ። አሁን ከጎኗ ነው የምቀመጠው።