ከክዳኑ ውስጥ የተለጠፈው ቀን

አምስተርዳም፣ ቢልመር
አርብ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ወልደየስ ተሰማ፣

ጤናዎን ማስቀደም ይገባኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ሥርዓቱን ልለፈውና ወሬውን ላስቀድም። ፊልሙ ተገኝቷል። አራተኛው ጥቅል። እርስዎ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ «ልኬዋለሁ» ያሉት፣ ሙሴ ያኒ ደግሞ «ሸጠኸዋል» ብሎ ከሥራ ያባረረዎት ፊልም እዚህ ሆላንድ፣ ሮተርዳም ውስጥ፣ አንድ ጡረተኛ ቤት ተገኝቷል። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በእጄም ነክቼዋለሁ። አቼቶ አቼቶ ይሸታል እንጂ ደህና ነው።

የሚያነብልዎ ወንድሜ አበጋዝ ነውና ለእሱም አንድ ቃል አለኝ። አበጋዝ፣ እንደ ልማድህ እየዘለልክ አታንብብ። አንተ ያኔ ገና ዳዴ ትል ስለነበር ነገሩን የምታውቀው የሰፈር ልጆች «የሌባ ልጅ» ሲሉህ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሥሩ እጽፈዋለሁ፤ አባዬም የረሳሁት ካለ ያርሙኛል።

የሙሴ ያኒ መሥሪያ ቤት ከውጭ አገር የሚመጣ ፊልም እያከራየ ያሳይ ነበር። ከሁሉ የሚወደደው፣ እያንዳንዱ ክፍል በአንድ ጥቅል የሚመጣው፣ የእንግሊዞቹ የቴሌቪዥን ቀልድ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ፣ ቦምብ ሲዘንብ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ እሳት እናጠፋለን ብለው በፈቃዳቸው የተሰለፉ ሽማግሌዎች ታሪክ። ፊልሙ በቆርቆሮ ሆኖ በአውሮፕላን ይመጣና እኛ ዘንድ ታይቶ ሲያበቃ ወደሚቀጥለው አገር ይላካል። አባዬ ከመላኩ በፊት የጥጥ ጓንት አድርገው ክንድ በክንድ እየሳቡ ይመረምሩታል፣ የተቀደደውን ይጠግኑታል፣ ከዚያ ቀኑን ጽፈው ይፈርማሉ። ሌላው ሠራተኛ ሁሉ ወረቀቱን ከቆርቆሮው በላይ ነበር የሚለጥፈው። አባዬ ግን የተሸካሚ ገመድ ወረቀት እየፋቀ ሲያጠፋ ስላዩ፣ አንድ ተጨማሪ ጽፈው ከክዳኑ ውስጥ ይለጥፉ ነበር። ሙሴ ያኒ በዚህ ይስቅባቸው እንደነበር እማዬ ነግራኛለች።

አንድ ቀን ፊልሙ ቀጥሎ ከተላከበት አገር «አራተኛው ጥቅል አልደረሰንም» የሚል ደብዳቤ መጣ። ቀሪውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አባዬ ከሥራ ወጡ፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው የሰው ማመልከቻ እየጻፉ አሳደጉን። ስለ ራሳቸው ግን አንድም ማመልከቻ አልጻፉም። «ልኬዋለሁ» ብለዋል፣ በቃ።

አባዬ፣ አሁን አንድ ነገር ልናገር። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ እራት ላይ «እውነት ግን ልከውት ነበር?» ብዬ ጠየቅኩዎት። እርስዎ እጅዎን ታጥበው ተነሱ። ከዚያ ወዲህ ያ ጥያቄ ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል። እኔም ከተጠራጠሩት አንዷ ነበርኩ።

እንግዲህ አገኛኘቱን ልንገርዎ። ነሐሴ ውስጥ ነው። ከአንዷ አሮጊት ቤት ወደ ሌላዋ በሜትሮ እሄዳለሁ፤ ሥራዬን ያውቁታል፣ ጠዋት ጠዋት አምስተልቨን ያሉ ሽማግሌዎችን አጥባለሁ፣ ለእግራቸው እብጠት የታዘዘላቸውን ጠባብ ካልሲ እየታገልኩ አለብሳለሁ። ስልኬን ስከፍት እዚህ ያለነው ሐበሾች በምንጻጻፍበት ቦታ ሙሀይሚን የሚባል የወሎ ልጅ የአንድ ቆርቆሮ ክዳን ፎቶ ለጥፏል። «ጎረቤቴ ሆላንዳዊው አንብብልኝ ብሎኝ አነበብኩለት፤ የኛ ጽሑፍ የማይደርስበት የለም» ይላል። ፎቶውን አሰፋሁት። «ጥቅል አራት። ተመርምሮ ደህና ሆኖ ተልኳል። 14/3/65። ወልደየስ ተሰማ»። ጽሑፉ የእርስዎ ነው። ፊደል ባስቆጠሩኝ እጅ የተጻፈ ነው፣ እንዴት ይጠፋኛል። የምወርድበትን ጣቢያ አልፌ ሁለት ጣቢያ ሄድኩ።

ለሙሀይሚን ወዲያው ደወልኩለት። ጎረቤቱ ሜኔር ያፕ ይባላል፤ ሜኔር ማለት በነሱ አቶ ማለት ነው። ይህ ሰው የዚያ የእንግሊዞች ቀልድ አፍቃሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው፤ ቆርቆሮውንም ከአንድ የሞተ መርከበኛ ቤት ዕቃ ጋር ነው የገዛው። የት የት እንደዞረ የሚያውቅ የለም። ከላይ የነበረው ወረቀት በገመድ ተፍቆ ጠፍቷል፤ የሚሄድበትን አገር የሚናገር ነገር ስላልነበረው ነው ከመንገድ የቀረው። ፊልሙ ደርቆና ተኮማትሮ ስለነበር የማኅበሩ ሰዎች በማሽን ቢያዞሩት ይበጠሳል ብለው ስለፈሩ፣ ለመሞከር የሚያበቃ መሆን አለመሆኑን በተለጠፈው ቀን ሊወስኑ አስበው ነበር። ሙሀይሚን ጽሑፉን አንድ ሳያጎድል ተረጎመላቸው። ቀኑን ግን እንዳለ ነገራቸው። እነሱ ደግሞ 14/3/65ን ማርች 14 ቀን 1965 ብለው አነበቡት፤ ድራማው ከመጀመሩ ሦስት ዓመት በፊት ማለት ነው። ስለዚህ «የኛ አይደለም» ብለው ከሚጣለው ዕቃ ጋር አኖሩት።

ሙሀይሚንን ጽሑፉን ተርጉመህ ቀኑን ለምን ተውከው ስለው «ቁጥር ምን ይተረጎማል እትዬ ሰናይት» አለኝ። ሃያ ዓመት እዚህ አገር ኖሯል፣ ዘመን መለወጫን በመስከረም ያከብራል፣ ቁጥር ሲያይ ግን ጠፋው። እኔም ብሆን ከእርስዎ ስም በስተቀር ሌላ ቢጻፍበት ኖሮ ሳላስተውለው አልፈው ይሆናል። ሲገባው ከማፈሩ የተነሳ ከወደቡ ሥራ ፈቃድ ጠይቆ ራሱ ይዞኝ ሄደ።

ሜኔር ያፕ ረጅምና ጭንቀታም ሰው ነው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የእነዚያ ሽማግሌ እሳት አጥፊዎች ፎቶ ሞልቷል። ይህ ቀን የእናንተ ቀን አይደለም፣ ሦስተኛው ወር ኅዳር ነው፣ ዓመቱም በናንተ 1972 ነው አልኩት። መጀመሪያ ቁጥር ቁጥር ነው ብሎ ተከራከረኝ። ወረቀት አውጥቼ አሥራ ሦስቱንም ወር ጽፌ አስላሁለት። በጣቱ እየተከተለ ራሱ ደግሞ ቆጠረውና ተቀመጠ። ማኅበሩ ጠፍተው የቀሩትን ክፍሎች የመዘገበበትን ዝርዝር አወጣ። ከጠፉት ክፍሎች ውስጥ በዚያ ዓመት ወደ አፍሪካ ተልኮ ያልተመለሰ አንድ ብቻ ነው።

«እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። «ማሽን ላይ ከወጣ ሊበጠስ ይችላል። ሁለተኛ ዕድል የለውም።»

«አባቴ መርምረው ደህና ነው ብለዋል» አልኩት። «ደህና ነው ካሉ ደህና ነው።»

አፌ እንዲህ ይበል እንጂ ልቤ እርግጠኛ አልነበረም። ፊልሙ ቢበጠስ ወይም ሌላ ነገር ሆኖ ቢገኝ፣ እርስዎን ለሁለተኛ ጊዜ ያዋረድኩዎት እኔ ነኝ። ለባለሙያ ተሰጠ፤ እየታጠበና እየለሰለሰ አንድ ወር ቆየ። በመጨረሻ ሜኔር ያፕ ደወለና ከሠላሳ ደቂቃው ውስጥ የተበጠሰው አንድም ቦታ የለም፣ የተጠገነው ቦታ ግን አሥራ አንድ ነው፣ ሁሉም በእጅ፣ ሁሉም ሳይላቀቅ ይዟል አለኝ። ያ የጠገነ ሰው ማን እንደሆነ ባለሙያው ጠይቋል። ስምዎን ነግሬያለሁ።

ጥቅምት 15 ቀን ዘ ሄግ በአንድ የሰፈር አዳራሽ ታየ። አባዬ፣ እነዚህን ሰዎች ቢያዩዋቸው ይወዷቸዋል። ሁለት መቶ ይሆናሉ፣ አብዛኞቹ በእርስዎ ዕድሜ አጠገብ ናቸው፣ ግማሾቹ የእሳት አጥፊ ቆብ አድርገው መጥተዋል። ከእንግሊዝ ድረስ በመርከብ የመጡም ነበሩ። አንደኛው ልጅ ሳለ ቴፕ ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጦ የዚህን ክፍል ድምፅ ብቻ ቀድቶ ነበር። በየዓመቱ ተሰብስበው፣ መብራት አጥፍተው፣ ባዶ መጋረጃ እያዩ ያንን ድምፅ ሲያዳምጡ ኖረዋል። የት ቦታ እንደሚሳቅ በቃላቸው ያውቁታል፣ ለምን እንደሚሳቅ ግን አይተውት አያውቁም። እኔ መጀመሪያ ስሰማ እነዚህ ሰዎች ሥራ ፈትተዋል እንዴ ብዬ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ ሳያቸው ግን አፈርኩ። የሚወዱትን ነገር ሳያዩት ጠብቀውታል።

ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ሜኔር ያፕ ክዳኑን በትልቁ መጋረጃ ላይ አሳየ። የእርስዎ ጽሑፍ የቤታችንን ግድግዳ ያህል ሆኖ ፊቴ ቆመ። አንብቢልን አሉኝ። ተነስቼ በአማርኛ አነበብኩ፣ ከዚያ በሆላንድኛ። «ተመርምሮ ደህና ሆኖ ተልኳል» ስል አዳራሹ በሙሉ ቆመ። ያጨበጨበ አልነበረም፤ ቆባቸውን አወለቁ። ሙሀይሚን ከጎኔ ሆኖ እንባውን በእጅጌው ይጠርግ ነበር።

ከዚያ ፊልሙ ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ቱቦ ይጎትታሉ፣ ቱቦው ከሚቃጠለው ቤት ሁለት ክንድ ያጥራል፣ አለቃቸው ቤቱ ወደ እኛ ይጠጋ የሚል ዓይነት ትእዛዝ ይሰጣል። ልቆጣበት ነበር የመጣሁት። የአባቴን ዕድሜ የበላ ነገር ምን እንደሆነ ልየው ብዬ ነበር። ሳላስበው ሳቅኩ አባዬ፣ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ። እርስዎም ጓንትዎን አድርገው ለብቻዎ ሲያዩት ሳይስቁ አይቀሩም። ሰው ሁሉ «የመጨረሻው የሳቀበት ሰው አባትሽ ነው» አለኝ።

ማምሻውን ከአዳራሹ ደጃፍ ሆኜ ደወልኩ። አበጋዝ አነሳና ተኝተዋል አለኝ። በማግስቱ ጠበል ሄደዋል አለኝ፤ እርስዎ ደግሞ ያለ ምርኩዝ ከበር አይወጡም። በሦስተኛው ቀን አላስችል ሲለኝ ለራሱ ለአበጋዝ ነገርኩት። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ፣ ብዙ አለቀሰ፣ በደስታ ነው አለኝ። አበጋዝ በደስታ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም።

በዘመን መለወጫ ስንነጋገር ወሬው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊልሙ ቢበጠስስ ብዬ ዋጥኩት። ለዚህ ራሴን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ረቡዕ ዕለት ሐምራዊት ደወለች፤ አብራኝ የምታስቀድሰው ጓደኛዬ ናት። ስለ ብርዱ፣ ስለ ሥራው አወራችኝና በመጨረሻ «ቅዳሜ ጠዋት ቤት ነሽ አይደል? ሥራ እንዳትገቢ» አለችኝ። አባዬ፣ ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። እዚህ ባለነው ሐበሾች ዘንድ የሰው ሞት በስልክ አይነገርም። በዕረፍት ቀን ማለዳ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ፤ ከዚያ በፊት አንድ ሰው ቤት መኖርዎን ይጠይቃል። እኔ ራሴ ለሦስት ሰው በር አንኳኩቻለሁ። ለአንደኛዋ ጥያቄውን የጠየቅኩት በዚሁ አፌ ነው። ለሐምራዊት «አዎ፣ ቤት ነኝ» አልኳት።

እንግዲህ ነገ ይመጣሉ። ቤቱን አጽድቻለሁ፣ ወንበር ከጎረቤት ተውሻለሁ። ዛሬ ግን አርብ ነው፣ ማንም ምንም አልነገረኝም። መርዶ ሳልረዳ አላለቅስም። ስለዚህ ልጅ ለአባቷ እንደምትጽፈው ጽፌያለሁ።

አበጋዝ፣ ወንድሜ፣ አልተቀየምኩህም። አንተ ብሆን እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር። ይህን ወረቀት ግን ለብቻህ አንብበህ ኪስህ አትክተተው። አባዬ ያሉበት ሄደህ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብለህ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብለህ አንብብላቸው። ሙሴ ያኒም ካለበት ይስማ።

አባዬ፣ እግዚአብሔር ስምዎን ከፍ ያድርገው፣ ልብዎን ያሳርፈው። እኔንም እንደ ወትሮው ይመርቁኝ።

ነገ ጠዋት በሬ እስኪንኳኳ ድረስ አባት ያለኝ ልጅዎ፣

ሰናይት ወልደየስ