ቢጫው ጃኬት

ለእህት ዓለሜ፣

ከነባልሽ ከነልጆችሽ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጤናዬ የሚያስቀና ነው፤ ሌላ ነገር እንዳትጠረጥሪ።

ሰኞ ዕለት ቄራ ውስጥ አንድ ቀይ በሬ ወደ ማረጃው የሚወስደው ጠባብ መተላለፊያ መሃል ቀጥ ብሎ ቆመ። አዲሱ አለቃችን ዱላ ይዞ እየጮኸ መጣ። «አለቃዬ፣ ፈርቶ ነው እንጂ ደንቆሮ አይደለም» አልኩት። በሬው ምን እንዳየ ለማወቅ እንደ ልማዴ በበሬ ቁመት ጎንበስ ብዬ መተላለፊያውን ሄድኩበት። ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ሞተ። ለካስ የአለቃው ቢጫ ጃኬት አጥሩ ላይ ተሰቅሎ በነፋስ ይወዛወዛል! ጃኬቱን አወረድኩ፣ ሌላ በሬ ከፊቱ አስቀደምኩለት፤ እንደ ሙሽራ ቀስ ብሎ ገባ። አለቃው ይኸው እስከ ዛሬ ጃኬቱን አቅፎ ይዞራል።

በነገራችን ላይ፣ ሐሙስ ሐኪም ቤት ትንሽ ጉዳይ አለችኝ። ሐኪሙ «ሰው ይዘው ይምጡ» ብሎኛል። ወደ ሕክምናው ክፍል የሚያስገባውን ኮሪደር ቀደም ብዬ ሄጄ አየሁት። ጎንበስ ብዬ ስሄድ ነርሷ «ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለችኝ። ኮሪደሩ ንጹሕ ነው፤ አንድም የተሰቀለ ጃኬት የለም። ግን መሃሉ ላይ ስደርስ እግሬ ቀጥ ብሎ ቆመ። ምክንያቱን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።

ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ፤ ለዚህ ብለሽ እንዳትመጪ። ብቻ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወደዚህ የሚነሳ አውቶቡስ አለ፤ ጠይቄያለሁ።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ጃኬትሽ ቢጫ ከሆነ ቤት ተዪው።

ወንድምሽ