ቀርከሃው ሄደ፣ ድንበሩ ቀረ

ውድ እትዬ ደጊቱ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኔ ደስታ ሊገድለኝ ነው እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። በስልክ ልነግርዎ ብሞክር «ፍርድ ቤት» የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ጆሮዬ ላይ ይዘጉብኛል። ስለዚህ ጻፍኩ። ናርዶስ ታነብልዎታለች። አንቺ ልጅ፣ አያትሽ «በቃ ተይው» ቢሉሽ እንዳትሰሚያቸው፤ እስከ መጨረሻው አንብቢ።

እትዬ፣ ረትተናል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የታችኛውን ፍርድ ሽሮ የዘንገናውን የድንች ማሳዎን መልሶልዎታል።

አሁን «ይሄ ቀልማዳ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይግባኝ ልበል ስልዎት አባትዎ በጃንሆይ ጊዜ ለይግባኝ ደብረ ማርቆስ ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ ፍርዱ ጸንቶባቸው እያነከሱ እንደተመለሱ ነገሩኝ። «ይግባኝ ማለት ሽንፈትን ሁለቴ መስማት ነው» አሉኝ። ውክልናውንም የሰጡኝ ከንዝንዜ ለመገላገል ነበር እንጂ አምነውበት አልነበረም።

ያንገበገበዎት ግን መሬቱ ብቻ አልነበረም። የረታዎት የራስዎ ቃል ነው። የታችኛው ፍርድ ቤት ዳኛ «ከጎረቤትዎ ከቢሻው ጋር የሚያዋስንዎት ምንድን ነው?» ቢሉዎት ኮራ ብለው «ቀርከሃው ነዋ!» አሉ። በእኛ አገር ማን ሌላ ይላል? ባልዎና የቢሻው አባት ተስማምተው የተከሉት፣ ልጅ አዋቂው የሚያውቀው ድንበር ነው። ፍርድ ቤቱም ቀርከሃው ዛሬ የቆመበትን አየና ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ የቢሻው ነው አለ። ግማሹ ማሳዎ በአንድ ቃል ሄደ። «ምላሴ መሬቴን በላው» ብለው ቤትዎን ቆልፈው ዳንግላ ልጅዎ ዘንድ ገቡ። መሬቴ ካልተመለሰ ዘንገናን አልረግጥም ብለው የማሉ ዕለት ባጃጄን ዳር አቁሜ አለቀስኩ። እናት ሆነው ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉ?

እንጅባራ በተቀጠርንበት ቀን ቢሻው አዲስ ጋቢ ደርቦ እንደ ሚዜ ተኮፍሶ መጣ። እኔ ቀርከሃው ከተተከለበት ርቆ ማሳችን ገብቷል ብዬ ተከራከርኩ። እሱ ደግሞ ድንበሩ ቀርከሃው ነው፣ ራሳቸው ብለዋል፣ ከዚህ ሌላ አላውቅም አለ። እውነቱን ነው፤ ብለዋል።

ሰብሳቢዋ ዳኛ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ቀርከሃውን በእሱ በኩል በየዓመቱ ለምን እንደሚመነጥረው ጠየቁት። ቢሻው ምኑም አልከበደውም። በአገውኛ መለሰ፤ ሰብሳቢዋ አገውኛ ስለማይሰሙ አስተርጓሚው ወደ አማርኛ እስኪመልሰው ግማሹ ችሎት ስቆ ጨርሶ ነበር።

«ካልቆረጥኩትማ ጓሮዬን ይወርሰዋል። ቀርከሃ እኮ ይሄዳል።»

ቢሻው ያለውን ነገር የሰማው ከሁላችንም በኋላ ነው። እጁን አፉ ላይ ጫነ። አያድርስ ነው፣ እትዬ፣ እኔ እንኳ አዘንኩለት። እሱ በራሱ በኩል እየቆረጠ ሲሸጥ፣ በእርስዎ በኩል ቡቃያው ዝም ብሎ ወደ ድንቹ ሲገባ መኖሩ በዚያች ቃል ወጣ። ከዚያ ዳኞቹ ቦታው ድረስ መጥተው አዩ፤ ሽማግሌዎችም መጀመሪያ የተተከለበትን አሳዩ። ውሳኔው ሲነበብ አንዷን ዓረፍተ ነገር በቃሌ ያዝኳት፦ «ቀርከሃ ይሄዳል፤ ድንበር ግን ከተስማሙበት ቦታ አይሄድም።» ዛሬ እንጅባራ ባጃጅ ተራ ላይ ሰልፍ የሚገፋ ሰው ሲመጣ «አንተ ቀርከሃ!» ይባላል። ይህን ያስለመድኩት እኔ ነኝ።

ቢሻው ወደ ሰበር ይሄዳል ብዬ ሰግቼ ነበር። በውሳኔው ማግስት ባጃጅ ተራው ድረስ ፈልጎኝ መጣ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ስጠብቅ አጠገቤ ተቀመጠ። በታችኛው ፍርድ ቤት ከረታ ጀምሮ የእርስዎን የተዘጋ በር እያየ መውጣት መግባት እንደመረረው ነገረኝ። ድንበሩ ላይ ድንጋይ ይተከል ተብሏል፤ እሱ ግን እርስዎ ሳይመጡ አልተክልም ብሏል።

«እትዬ ከሌሉ ከማን ጋር ልዋሰን?» አለኝ።

ፊቱን አዞረ፤ ያለቅስ እንደነበር ግን አይቻለሁ። ከእትዬ ጋር ሳልታረቅ ቡና እንኳ አልጠጣም ብሎ ሄደ።

ስለዚህ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ በሚኒባስ አብረን እንመለሳለን። የሰፈሩ ሰው ቤትዎን ጠርጎ ይጠብቅዎታል፤ ሽማግሌዎቹም ተነግሯቸዋል። የድንጋዩን ቦታ የሚያሳዩት እርስዎ ነዎት። «ይኸነው ይናገርልኝ» እንዳይሉ ደግሞ፣ ውክልናውን ትናንት መልሻለሁ። ከእንግዲህ በመሬትዎ ላይ የሚናገሩት ራስዎ ነዎት።

ልጅዎ ይኸነው