በባቡሩ ወረቀት ላይ የአየለች ጣት

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

አየለች ማለዳ ወተት አመጣች። አንድ ሊትር፣ ሞልቶ። በሠላሳ አራት ዓመት አንድ ቀን ውኃ አልጨመረችበትም። ቡሬዋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃው ወንድ ነው ብላ ተከፍታለች። "ምነው ሴት ብትሆን ምን ነበረበት፣ እትዬ?" ለእኔ አቤቱታ የምታቀርብ ይመስል።

ከሰዓት የሰፈራችን የባቡር ኮሚቴ ስብሰባ። ጸሐፊ ከሆንኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ባቡሩ ገና የለም። በወረቀት ላይ ከፒያሳ ተነሥቶ ማራኪ ሰፈር ደርሷል፤ አሁን ደግሞ በወረቀት ላይ እስከዚህ እስከ አዘዞ፣ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሊያራዝሙት ነው። ሰብሳቢያችን ሐጂ ኡዘይር ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። "ገና ሳይወለድ ሱሪ አጠረው" አሉ። ተሣቀ። ቃለ ጉባኤ ላይ አልጻፍኩትም።

የባቡሩ ጥናት ጽሕፈት ቤት ሰው፣ አብዮት፣ መዝገቤን አገላብጦ "እማማ፣ እንዲህ ያለ ጽሕፈት ዛሬ የት ይገኛል?" አለ። ደስ አለኝ። ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለኝ አለቃ አልነበረም።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

አብዮት ካርታ ዘረጋ። ሁለት መሥመር ተሰምሯል። ቀዩ በአስፓልቱ ዳር ይመጣል። ሰማያዊው ከጀርባ፣ በወንዙ ዳር። ከሁለቱ አንዱ ይመረጣል። ገንዘቡን የሚያበድረው የውጭ ባንክ ነው። ነዋሪው በአንዱ መሥመር ለመስማማቱ እስከ ኅዳር አጋማሽ በፊርማ ማስረጃ ካልቀረበለት ብድሩን ለሌላ ከተማ ይሰጣል።

ሰማያዊው ዐሥራ ስድስት ቤት ያፈርሳል። አንዱ የአየለች ነው፤ ቤቷን፣ በረቷን፣ ላሞቿ የሚጠጡበትን ዳርቻ።

ቀዩ ያነሰ ቤት ይነካል፤ ግን የሱቅና የፎቅ ካሳው ብዙ ነው። ጣቴን በካርታው ላይ አስኬድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ… ወፍጮ ቤቱ… ቀጥሎ የእኔ አጥር። መኝታ ቤቴና ጓዳዬ።

ማንም አላነሣውም። እኔም አላነሣሁም።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

የነዋሪዎች ስብሰባ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ። ሰው ሞላ። የስም ወረቀቱ ራስጌው ባዶ እንደሆነ ዞረ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚደረገው፤ መጀመሪያ ሰው ይፈርማል፣ ርዕሱ ኋላ ይጻፋል። መዝገብ ክፍል ሳለሁ እንዲህ የሚያደርጉ ጸሐፊዎችን ስንቴ ገሥጫለሁ! ዛሬ ዝም አልኩ። ችኮላ ነበር… ችኮላ ነበር?

ወረቀቱ አየለች ጋ ሲደርስ ይዛው መጣች። ማንበብ አትችልም።

"እትዬ፣ ይቺ ጣት ለምን ናት?"

"መገኘትሽ ነው።"

"መገኘቴ ብቻ?"

"መገኘትሽ ብቻ።"

አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫነች፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ። ሌሎቹም እሷን አይተው ጫኑ።

ኋላ እጇን አውጥታ ተናገረች። "ባቡሩ ሸጋ ነው፣ አልጠላሁትም። ላሞቼ ግን ውኃ ይጠጣሉ። ከወንዙ ተነሥተሽ የት ትገቢያለሽ ያለኝ ሰው የለም።" ከኋላ አንዱ "ላሞችሽን በባቡር አሳፍሪያቸዋ" አላት። "ቲኬታቸውን አንተ ከቆረጥህ" ብላ መለሰች። አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ።

ሳይወሰን መሸ። ሐጂ ኡዘይር "ሌላ ቀን እንቀጥላለን" ብለው ዘጉ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

አብዮት ቤቴ መጣ። ሌላ ስብሰባ የለም አለ። ጊዜ የለም። ሰነዱ ዓርብ መሄድ አለበት።

"ሰዎቹ ተገኝተዋል፣ እማማ። የተቃወመ የለም።"

"አየለች ተናግራለች።"

"እሷ ጠየቀች እንጂ አልተቃወመችም።"

የፊርማውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ራስጌው አሁንም ባዶ። "በእርስዎ እጅ ይጻፍ፤ ከመዝገቡ ጋር አንድ እጅ ይሁን።" ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ጣሪያውን፣ የመኝታ ቤቱን በር። "ያለዚያ የሚቀረን ቀዩ መሥመር ነው" አለ። በትሕትና ነው ያለው። አላስፈራራኝም። ማስፈራራት አላስፈለገውም።

ጻፍኩ። "እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው ነዋሪዎች በሰማያዊው መሥመር መስማማታችንን በፊርማችንና በአሻራችን እናረጋግጣለን።"

የጻፍኩት መሥመር ቀጥ ያለ ነው።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

አየለች ወተት አመጣች። ሞልቶ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ለምን ጻፍኩት?

ለከተማው። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ከአውሮፕላን የሚወርደው ሁሉ ባጃጅ ሲጋፋ ይውላል፤ ብድሩ ከሄደ አይመለስም። ይህ እውነት ነው። ግን ወረቀቱ ፊቴ ሲቀመጥ ተማሪ አላሰብኩም። ያሰብኩት ይህን ግድግዳ ነው። በደመወዜ ክፍል በክፍል ያሠራሁትን።

ይህን እዚህ ጻፍኩ። ለማን ይጠቅማል?

ኅዳር 14፣ እሑድ

ነገ ጾም ይገባል። እስከ ገና ወተት የለም፣ አየለችም አትመጣም።

ደስ አለኝ። ጾም ሲገባ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ምክንያቱን ራሴ ለራሴ መናገር አፈርኩ።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

መጣች። ወተት ሳይሆን ደብዳቤ ይዛ። ማኅተም አለው። "እትዬ፣ ያንብቡልኝ።"

መነጽሬን አደረግሁ። ሁለተኛው መሥመር እንዲህ ይላል፦ "ጥቅምት 29 ቀን በአሻራዎ ባረጋገጡት ስምምነት መሠረት…"

ዘለልኩት።

ቀጥሎ ያለውን አነበብኩላት። ብድሩ ተፈቅዷል፣ ካሳ ይከፈልሻል፣ እስከ የካቲት 30 ግቢውን ልቀቂ። ድምፄ አልተለወጠም።

"ማን እሽ ብሎ?" አለች።

"ከላይ የመጣ ነው።"

"ከላይ…" ደብዳቤውን አጣጠፈችው። ቀስ ብላ፣ እንዳይቀደድ። "ምትኩ መሬትስ? ውኃ አለው ይላል?"

"መሬት አይልም። ካሳ ነው የሚለው።"

ስትነሣ "አንቱ ባይኖሩ ማን ያነብልኝ ነበር" አለችኝ።

አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን ስታነብ አንድ ቃል የዘለለች ልጅ ገጹን እንደገና ከራስጌው ትጀምር ነበር። በዐሥር ዓመቴ አንድ ጊዜ ዘልዬ ሁለተኛ አልደገምኩም። ዛሬ፣ በሰባ ስምንት ዓመቴ፣ አንድ ሙሉ መሥመር። አውቄ።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ሚካኤል። ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴን አባ ወልደኢየሱስን ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ራስጌውም፣ ስለ ደብዳቤውም። አላቋረጡኝም።

"ስግደት ይስጡኝ" አልኩ።

"ጉልበትሽ አይችልም።"

"እንግዲያስ ጾም ይጨምሩልኝ።"

"አንቺ ጾም መቼ ይከብድሻል? ለሷ ነግረሻታል?"

"አልነገርኳትም።"

"ምላስሽ ደኅና ነው። በሱ ጀምሪ። ከዚያ ተመልሰሽ ነይ።" ተነሥተው ሄዱ። መስቀል ሳያሳልሙኝ… ረስተው ይሆን? አይረሱም።

ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ

በዱላ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ሠላሳ አራት ዓመት እሷ ስትመጣ ኖራ፣ እኔ ቤቷ ስሄድ ሦስተኛዬ ነው። ሁለቱ ለቅሶ ነበር።

ለላሞቿ አተላ ከጭድ ጋር እያማሰለች አገኘኋት። ትምህርቷን ጨርሳ ሰሞኑን የተመለሰችው ልጇ ፋሲካ ከቤት በርጩማ አወጣችልኝ። አልተቀመጥኩም።

እንዲህ አልኳት፦ "አየለች፣ ጣትሽ የመገኘት ነው ብዬሽ ነበር። ያን ጊዜ እውነቴን ነው። በአምስተኛው ቀን እዚያው ወረቀት ራስጌ ላይ ተስማምተናል ብዬ ጻፍኩበት። እኔ ራሴ፣ በእጄ። ቀዩ መሥመር በቤቴ ያልፍ ስለነበር ነው።"

ማማሰሏን አላቆመችም። ፋሲካ ግን ቆመች፣ የያዘችውን ባልዲ መሬት አስቀመጠች።

"ደብዳቤውን ስታነቢልኝ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር። የስምምነቱን መሥመር ዘለልኩት።"

አንቺ አለችኝ። እኔም መልስ እየሰጠሁ ነው ያስተዋልኩት። አልከፋኝም፤ እንዲያውም ሌላ ስም የሚገባኝ መስሎኝ ጠበቅሁ።

"ብትጠይቂኝ ምን እል እንደነበር ታውቂያለሽ?" አለች።

"አላውቅም።"

"እኔም አላውቅ። የጠየቀኝ የለማ።" አተላውን ወደ ገንዳው ገለበጠች። "ውኃ ያለው ቦታ ቢሰጡኝ ምናልባት እሽ እል ነበር። ምናልባት ደግሞ እዚሁ አፈሬ ውስጥ ቅበሩኝ እል ነበር። አንቺ ጨረስሽልኝ።"

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት "ላሞቹ ሰው ሲበዛ አይበሉም" አለች። ሄድኩ።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

ደብዳቤ ለጽሕፈት ቤቱ፣ ግልባጭ ለባንኩ። አራት ጊዜ ጻፍኩት። የመጀመሪያው "ስሕተት ተፈጽሟል" ይላል። ማን ፈጸመው? ቀደድኩት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዕድሜዬን ያነሣሉ፤ እነሱንም ቀደድኩ። አራተኛው ግማሽ ገጽ ብቻ ሆነ፦ ፊርማው የመገኘት ነበር፣ ራስጌውን ኋላ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ከነዋሪዎቹ ማንም አላየውም፣ ከጸሐፊነት ለቅቄያለሁ።

ፒያሳ ሐጂ ኡዘይር ሱቅ ወሰድኩት። የኮሚቴው ማኅተም እሳቸው ዘንድ ነው። ሁለቴ አነበቡት። "እትዬ፣ ይህ ከሄደ ቀዩ መሥመር ይመለሳል። ቤትዎን አስበዋል?"

"ያንን የጻፍኩት ቤቴን አስቤ ነው፣ ሐጂ።"

"ብድሩ ቢቀርስ? ከተማው የሚያነሣው የእርስዎን ስም ነው።"

"ያንሣ።" አፌ እንዲህ አለ። ሆዴ ሌላ ነበር።

ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጡ። "እኔስ?" አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። "ሳይወሰን ዘግቼ፣ ተወሰነ ሲባል ዝም ያልኩ…" አተሙት።

ጥር 6፣ ረቡዕ

ገና አለፈ። ወተት አልመጣም። ከሱቅ የዱቄት ወተት ገዛሁ።

አብዮት መጣ። ተቀመጥ ብለው አልተቀመጠም። ባንኩ ብድሩን አግዷል። ሁለቱም መሥመሮች እንደገና ለሕዝብ ይቀርባሉ፤ እስከ መጋቢት ካላለቀ አበቃ። "ሁለት ዓመት ደከምኩበት፣ እማማ። ለራሴ ቤት አልሠራሁበትም።" እውነቱን ነው። ለራሱ ምንም አላገኘም። ያ ደግሞ ሌላ ሸክም ሆነብኝ።

ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሁለት ሴቶች ከፊቴ ያወራሉ። "ባቡሩን ያስቀረችው አንዲት አሮጊት ናት አሉ።" "ምን በደላት?" "እንጃ፣ ጃጅታ ይሆናል።" ወራጅ ብዬ ሳልደርስ ወረድኩ። የቀረውን በእግሬ።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ

አዲሱ ስብሰባ። ጸሐፊዋ ፋሲካ ናት፤ የእናቷ ልጅ። አንድ ሰው ከተናገረ በኋላ የጻፈችውን ጮክ ብላ ታነብለታለች። "እንዲህ ነው ያልኸው?" ነው ካለ ይፈርማል። ቀርፋፋ ነው። ጧት ሦስት ሰዓት ተጀምሮ ዘጠኝ ተኩል አለቀ። ጽሕፈቷ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ግን ቃል አትዘልም።

የኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩት ሁለት ወንበር ፈቀቅ አሉ።

የአየለች ቃል እንዲህ ተጻፈ፦ "ባቡሩን አልቃወምም። ከወንዝ ወይም ከምንጭ አጠገብ ምትክ መሬት በስሜ ሳይሰጠኝ ግን አልነሣም። ካሳ ብቻ አልቀበልም።" ሲነበብላት ራሷን ነቀነቀች። ከወንዙ ዳር ሰዎች ዐሥራ አንዱ እንደሷ አሉ፣ አራቱ ጨርሶ እምቢ አሉ። ምን ይሉ እንደነበር አሁን ታወቀ። በአንድ መሥመር የጨረስኩት ይህን ሁሉ ነበር።

ከዚያ ሐጂ ኡዘይር "የአስፓልቱ ዳር ነዋሪዎች" አሉ። ማንም አልተነሣም። "ወይዘሮ ዓይናለም?"

የተዘጋጀ ጽሑፍ በቦርሳዬ ነበር። አላወጣሁትም። "ቀዩ መሥመር በመኝታ ቤቴ ያልፋል። ባለፈው ይህን ደብቄ ነው ጸሐፊ ሆኜ የተቀመጥኩት። አሁን ቤቴ ይለካ፤ ከሌሎቹ ጋር ይወዳደር።" ፋሲካ ጻፈችው። "እንዲህ ነው ያሉት?" አለች፣ ዐይኔን እያየች። ነው አልኩ።

ከእኔ በኋላ የአስፓልቱ ዳር ሌሎች ስድስት ተናገሩ። የተስማማም የተቆጣም ነበር። የትኛው መሥመር እንደሚመረጥ አልታወቀም። ብድሩም ይለቀቅ አይለቀቅ።

በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ከጎረቤቶቿ ጋር መጣች።

"ደኅና ዋይ፣ አየለች።"

"ደኅና ይዋሉ" አለች፤ ለማንም መንገደኛ እንደሚባለው። አልቆመችም።

ሰኞ ጧት ቤቴን ለመለካት ይመጣሉ። አልጋዬን ወደ ሳሎን አስወጥቻለሁ፣ ግድግዳው ነፃ እንዲሆን።