አንድ ጾም ይለፍበት

ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ 4

ውድ ጋሼ ወርቅአገኘሁ፣

ትናንት አርባዎ ነበር። ሰው ሁሉ ስለ ደግነትዎ ሲያወራ እኔ ድንኳኑ ጥግ አንገቴን ደፍቼ ዋልኩ። ማንም አልወቀሰኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። በቁምዎ ልነግርዎ ሲገባኝ ያልነገርኩዎትን ዛሬ ልጻፈው። የት ልትልኪው ነው ብለው ግን አይሳቁብኝ።

የወተት ማኅበሩን ሥራ ያገኘሁት በእርስዎ ነው። ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ ትልቅ ድርጅት ላምጣ ሲሉ፣ «የቄስ ገብረመንፈስቅዱስ ልጅ ኮምፒውተር ተምራ እዚሁ ተቀምጣ፣ ምን አዲስ አበባ ያስኬደናል?» ብለው የተሟገቱልኝ እርስዎ ነዎት። እኔስ ውለታዎን በምን መለስኩ? የሃያ ስድስት ዓመት የመዝገብ ሥራዎን በስድስት ሳምንት ዘጋሁት።

እውነቱን ለመናገር አሠራሩ አርጅቶ ነበር። አሥራ አንድ ባሕር መዝገብ፣ በዚያ ላይ ለመከፈት ብቻ አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚያስጨርስ አሮጌ ኮምፒውተር። እርስዎ ከሌሉ የአንድ አባል ስም ፈልጎ ማግኘት ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። እኔ ደግሞ ፍጥነት አስክሮኝ ነበር። ድሮ ዓመት የሚፈጀውን ፕሮግራም ዛሬ የምንፈልገውን ስንነግረው በአንድ ቀን የሚጽፍልን ማሽን አለ። ጠዋት ያሰብኩት ከሰዓት በኋላ ሲሠራ አየዋለሁ። ስንቱን ሰው ጉድ አሰኘሁበት መሰለዎት!

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ መዝገቦቹን አስረከቡኝ። ትዝ ይልዎታል፣ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ በእጅዎ እንደያዙ «ልጄ፣ አንድ ጾም ይለፍበት» አሉኝ። «ሁለቱም ጎን ለጎን ይሂዱ። ከፋሲካ ወዲያ የእኔን ትዘጊዋለሽ።»

«ጋሼ ደግሞ! ጾምና ኮምፒውተር ምን አገናኛቸው?» ብዬ ሳቅሁ።

እርስዎም ሳቁ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውልኝ ሄዱ። ወንበሩን ላለመልቀቅ ሰበብ የሚፈልጉ መስሎኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ፣ እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

የጾሙን ነገር እኮ ጽፈውታል! በየዓመቱ የሁዳዴ ገጾች ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከዳር እስከ ዳር አስምረው «ጾም» ብለውበታል። ወደ ማሽኑ ስገለብጥ ቀዩን ዘለልኩት፤ ቁጥር አይደለማ። በእሱ ፈንታ የራሴን ሕግ ጻፍኩ፦ ሠላሳ ቀን ወተት ያላስረከበ አባል ማኅበሩን እንደለቀቀ ይቆጠርና ስሙ ይውጣ። በሁዳዴ እዚህ አገር ማን ወተት ይገዛል? አብዛኛው አባል ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ወተቱን ንጦ፣ ቅቤውን አጠራቅሞ ፋሲካን ነው የሚጠብቀው። ይህን የማታውቅ የቄስ ልጅ አለች? እኔ ራሴ እኮ ያን ሰሞን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾም ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ማሽኑን ስከፍት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ስም ወጥቷል። ምን እንዳልኩ ልንገርዎ? «ጎሽ፣ የሌሉትን አጠራልኝ» ብዬ ተደሰትኩ።

ከወጡት ስሞች አንዱ የዝናሽ ነበር። ዝናሽ ከወለጋ ተፈናቅላ ልጆቿን ይዛ መጠለያ ስትገባ የለበሰችው ልብስ ብቻ እንደነበራት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ያቺን አንዲት የፈረንጅ ላም ያገኘችው እርስዎ ዋስ ሆነዋት ነው። በመጋቢት መጨረሻ፣ የበልጉ ዝናብ በጣለ ሰሞን ላሟ እርጥብ ሣር በልታ ሆዷ ተነፋ። ዝናሽ ቢሮ ብትደውል «ስምሽ የለም» ተባለች። የማኅበሩ የከብት ሐኪም ሳምሶን ጋ ደወለች። ሳምሶን ደግሞ ከማሽኑ ትእዛዝ ካልመጣለት እንዳይንቀሳቀስ ታዝዟል። ያንንም ሕግ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ቢጨንቃት እርስዎ ጋ ደወለች።

እርስዎም ጋቢዎን ደርበው፣ አንድ ትንሽ ደብተር በብብትዎ ሸጉጠው ቢሮ መጡ። እኔ ከደነባ ወተት ማኅበር የመጡ እንግዶች ነበሩብኝ፤ እነሱም እንደኛ ፕሮግራም ማሠራት ይፈልጋሉ።

«ብዙአየሁ፣ አንዴ...» አሉ በሩ ላይ ቆመው።

«ጋሼ፣ እንግዳ አለብኝ፤ ትንሽ ይጠብቁኝ።»

ዞር ብዬም አላየሁዎት። የአንድ አባል ስም በሁለት ሰከንድ እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ እያሳየኋቸው ነበር። እርስዎ ውጭ አግዳሚው ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ስወጣ የሉም። ሰልችቷቸው ሄዱ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ለካ በዚያ ዝናብ በእግርዎ ጠባሴ ድረስ ሄደዋል። ሳምሶንን ከአንድ በረት አግኝተው «ና፣ እኔ እጠየቃለሁ» ብለው ይዘውት ሄዱ። ሲደርሱ ላሟ ሞታለች። ሳምሶን በኋላ እንደነገረኝ፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት ቢደርስ ያድናት ነበር።

በማግስቱ ሰማሁና ፕሮግራሙን አስተካከልኩት። ከቁርስ እስከ ምሳ ብቻ ነው የፈጀብኝ፤ ስሞቹ ሁሉ ተመለሱ። ሥራ አስኪያጁ «እንዴት ያለሽ ፈጣን ነሽ!» ብለው አመሰገኑኝ። ዝናሽን ይቅርታ ልጠይቅ ቤቷ ሄድኩ። ባዶውን በረት እየጠረገች ነበር። «ከወለጋው ጋር ስሜ ሲሰረዝ ይኼ ሁለተኛዬ ነው፣ እህቴ» አለችኝና መጥረጓን ቀጠለች።

እርስዎን ያ ዝናብ ጣለዎት። ሰው «ዕድሜያቸው ነው» ይላል። እኔ ግን ያን ሳል የት እንዳመጡት አውቃለሁ። ልጠይቅዎት ሦስት ጊዜ ብርቱካን ገዝቼ እስከ በርዎ መጣሁ። ሦስቱንም ጊዜ ከውስጥ ሲያስሉ ስሰማ ብርቱካኑን እንደያዝኩ ተመለስኩ። ነገ እገባለሁ፣ ነገ እገባለሁ ስል ግንቦት አለቀ፣ እርስዎም ሄዱ።

ባለፈው ሳምንት ከአረርቲ ወተት ማኅበር ደወሉልኝ። ለእነሱም በአንድ ወር ሠርቼ እንዳስረክባቸው ይፈልጋሉ። «ሠርቼ ጎን ለጎን አስኬደዋለሁ፤ አሮጌውን ግን አንድ ጾም ሳያልፍበት አላዘጋችሁም» አልኳቸው። ሰውየው እንደኔው ሳቀ። ሌላ ሰው እንፈልጋለን ብሎ ስልኩን ዘጋው። ይፈልግ። እዚህም ከፍልሰታ ጾም ጀምሮ መዝገብዎን ከመደርደሪያው አውርጄ ከማሽኑ ጎን እይዛለሁ፤ ቀዩን እስክሪብቶ ገዝቻለሁ።

ትናንት ሰው ሲበተን ባለቤትዎ እትዬ አስካለማርያም ጠሩኝና ያቺን ትንሽ ደብተር ሰጡኝ። «የአንቺው ሥራ ነው መሰለኝ» አሉኝ። ለካ ጡረታ ከወጡም በኋላ አባላቱ እርስዎ ጋ መደወላቸውን አልተዉም፤ እርስዎም መጻፍዎን አልተዉም። የማን ላም እንደነጠፈች፣ የማን እንደወለደች፣ ሁሉም አለ። መጋቢት 24ን ፈልጌ አገኘሁት። እንዲህ ይላል፦

«የዝናሽ ላም ተነፍታ ቢሮ ሄድኩ። ብዙአየሁ እንግዳ ነበራት። ሰው ፊት ቆማ ስታስረዳ ደስ ትላለች። አላስቸገርኳትም።»

ምነው ጋሼ! ምነው ባስቸገሩኝ! ምነው በሩን በርግደው ገብተው በእንግዶቹ ፊት በሰደቡኝ!

ያስጠበቀችዎ ልጅዎ፣
ብዙአየሁ