ጊዜያዊ ማረፊያ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ ዮፍታሔ፤ ጁባ።

እንደምን ሰንብተሃል? ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? ወገብህንስ ተሻለህ? ሩሃማ እንዴት ናት? ናፍቆት መራመድ ጀመረች ሲባል ሰምቼ ነበር፤ አሁንማ እየሮጠች ታስቸግራችሁ ይሆናል። እኛ እዚህ እማዬም፣ እኔም፣ ልጄ ፌበንም፣ ከእማዬ የጉልበት ሕመምና ከእኔ ንዴት በቀር ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እዚህ መሪ ሰፈር ጭቃው ደርቆልናል፤ ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ግን ጀምሮናል።

የአባዬን መቃብር ነገር በስልክ ልነግርህ ሞክሬ እንደነበር ታውቃለህ። መስመሩ ሲቆራረጥ አንተ ግማሹን ሰምተህ፣ እኔ ግማሹን ጮኼ፣ ተኳርፈን ዘጋነው። የሥራ ባልደረባህ ሌንጮ ፈቃዱን ጨርሶ ሲመለስ እንዲያደርስልህ፣ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ልጻፍልህ ብዬ ተቀመጥኩ።

መስከረም መጨረሻ ላይ እማዬ እንደ ልማዷ ቅዳሜ ወደ አባዬ መቃብር ስትሄድ አብሬያት ወጣሁ። ከሲግናል በላይ ያለውን ዳገት ጨርሰን በሩ ላይ ስንደርስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። በጊዜያዊነት የተያዙና ሰባት ዓመት የሞላቸው መቃብሮች ስለሚነሱ፣ ቤተሰብ በሠላሳ ቀን ውስጥ ቀርቦ ዐፅም እንዲረከብ ይላል። ከሥሩ ስም ተዘርዝሯል፤ የአባዬ ስም አለበት። እማዬ መነጽሯን አልያዘችም። ምን ይላል ስትለኝ፣ ስለ አጥር እድሳት ነው ብዬ ዋሸኋት።

የዚያን ዕለት ነው የደወልኩልህ። አባታችንን «ጊዜያዊ» ብለህ ያስመዘገብከው አንተ ነህ አልኩህ። አንተ ደግሞ አስከሬን ለማውጣት ሆስፒታል ስትመላለስ እንደነበርክ፣ የተዘጋጀ ወረቀት ላይ ፈረምክ እንጂ አንዲት ነገር እንዳልሞላህ ነገርከኝ። አላመንኩህም። ስልኩ ሲቋረጥም መልሼ አልደወልኩም።

ከሥራ ፈቃድ እየጠየቅሁ የመቃብሩ ጽሕፈት ቤት ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊዋ ስብሰባ ናቸው ተባልኩ። በሁለተኛው መዝገብ ቤቱ ተቆልፎ ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ሄዷል። በሦስተኛው ቀን አካሉ የሚባል ጎልማሳ ጸሐፊ አገኘሁ። ጊዜያዊ ማለት ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅሁት። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ ጊዜያዊ ማለት ጊዜያዊ ነው፣ ሰባት ዓመት ነው አለኝ።

አባዬ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር? ዕድሜውን ሙሉ ማተሚያ ቤት ቁጭ ብሎ የሰው ጽሑፍ ሲያርም የኖረ ሰው! እራት ላይ ቃል እየነቀለ ሥሩን ሲያሳየን ትዝ ይልሃል? ሰማይ፣ ሰማያዊ። ምድር፣ ምድራዊ። ጊዜ፣ ጊዜያዊ። ጊዜ ከግዕዝ የወረስነው ቃል ነው፣ መጨረሻው ላይ የምትቀጠለው ደግሞ ነገሩ የማን ወገን እንደሆነ ትናገራለች ይለን ነበር። እንግዲህ ጊዜያዊ ማለት የጊዜ ወገን የሆነ ማለት ነው፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ ግን ቃሉ አይናገርም። ሰባት ዓመትን ከየት አመጣችሁት? ይህንኑ ለአካሉ ነገርኩት። ወረፋ አለ እህቴ፣ ሰው አታስጠብቂ አለኝ።

ስጮህ ኃላፊዋ ወይዘሮ ዲንቄ ወጡ። ቤተሰባቸው ድሮ እዚያው አካባቢ ያርስ የነበረ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ወደ ቢሯቸው አስገብተው የአባዬን ፋይል አስመጡና ቅጹን ከፊቴ ዘረጉት። ከታች ያንተ ፊርማ አለ። የተሞላው ግን በአባዬ እጅ ነው። ያቺን ወደ ግራ የምታዘነብል ፊደሉን የት ባያት እስታታለሁ? ቀኑን ሳይ ከመሞቱ ሁለት ወር በፊት ነው፤ ለካ በሽታው እንደማይለቀው ሲያውቅ ራሱ ወጥቶ ቦታውን ይዞ ኖሯል። ቅጹ ሁለት ሣጥን አለው፣ ጊዜያዊና ዘላቂ የሚል። አባዬ ጊዜያዊ የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ከጎኑ «እስከ ትንሣኤ» ብሎ ጽፎበታል። የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም እላዩ ላይ አርፏል።

ይኸው ጊዜው ተጽፏል፣ ማኅተማችሁም አለበት ብዬ ተከራከርኩ። ወይዘሮ ዲንቄ ብዙ አዩት። በመጨረሻ፣ «ልጄ፣ እኔስ ገብቶኛል። ግን ለእስከ ትንሣኤ የሚሆን ሣጥን ቅጹ ላይ የለም» አሉኝ።

ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንተን ይቅርታ መጠየቅ እንዳለብኝ ያኔውኑ አውቄያለሁ፤ ይቅር በለኝ። ከዚያ በኋላ ግን ንዴቴ ወደ አባዬ ዞረ። የሰውን ሁሉ ቃል ሲያቃና የኖረ ሰው፣ የራሱን ቃል የሚያነበው ማን እንደሆነ እንዴት አያስብም? እሱ በእምነቱ አረፈ፤ ዐፅሙን በከረጢት ልረከብ የተጠራሁት እኔ ነኝ።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ትደነግጣለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ከማስታወቂያው ቀን ጀምሮ ጠርጥራ ኖራለች። ስለ አጥር ቢሆን ኖሮ መንገዱን ሙሉ ባላለቀስሽ አለችኝ። ቅጹ ሲሞላም ከአጠገቡ ነበረች። ዘላቂ የሚለውን ሙላ ብላው ተጨቃጭቀዋል። እሱ ደግሞ እዚያው ወንበር ላይ ሆኖ ሥር መንቀል ጀመረ። ዘላቂ የመጣው ከዘለቀ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር የሚያደርስ መንገድ ይዘልቃል፤ መቃብር ግን አይዘልቅም፣ ጌታ ሲመጣ መሐል ላይ ይቋረጣል አላት። እነዚህ ሰዎች እንዳንተ አያነቡም ብትለው ሳቀባት። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ይዛ በየቅዳሜው ስትወጣ አንድ ቀን አልነገረችኝም።

የአባታችሁን ቃል አልለውጥም፣ ዐፅሙን እንረከብ የምትለኝ መስሎኝ ተጨንቄ ነበር። ጉልበቷን እያሸች፣ «ቃሉ የሱ ነው። መቃብሩ ግን የእኔ ነው» አለችኝ።

ማክሰኞ ይዣት ወጣሁ። ዳገቱን አራት ጊዜ ዐርፋ ነው የጨረሰችው። ወይዘሮ ዲንቄ በሩ ላይ ሲያዩዋት ተነሥተው «ይዝለቁ፣ እናቴ» ብለው ወንበራቸውን ለቀቁላት። አዲስ ቅጽ ቀረበ። እማዬ ብዕር ተቀብላ ዘላቂ የሚለው ላይ ራሷ ምልክት አደረገች። አካሉ ቀሪውን ሲሞላ «የለውጡ ምክንያት» የሚል ቦታ ላይ ደረሰና ቀና ብሎ አየን። እኔ የደብዳቤ ቋንቋ እያሰናዳሁ ሳለ እማዬ ቀደመችኝ።

«ሁለት ጊዜ አልቀብረውም ብለህ ጻፍ» አለችው።

አካሉ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋውና፣ ቃል ሳይቀንስ ሳይጨምር፣ እንዳለችው ጻፈ።

አበቃ ስል ደግሞ አላበቃም። የመጀመሪያው ቅጽ ላይ የፈረምከው አንተ ስለሆንክ ያለ አንተ ፊርማ አይጸድቅም አሉን። ሚስቱ በሕይወት አለች፣ ይህችው ፊታችሁ ተቀምጣለች ብዬ ብከራከርም ሰሚ አላገኘሁም። ወይዘሮ ዲንቄ የአባዬን ስም ከዝርዝሩ አስወጥተው እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ብቻ ጊዜ ሰጥተውናል። ቅጹን ከዚህ ጋር አያይዤልሃለሁ። ሌንጮ በሰጠህ ዕለት ፈርምና በመጀመሪያው መንገደኛ እጅ መልስልኝ። እንደ አባትህ ቃል መመርመር እንደምትወድ ዐውቃለሁ፤ እባክህ ከፊርማህ ጎን ምንም አትጻፍ።

ለሩሃማ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችው ሻርፕ ለእማዬ ልክ ሆኖላታል። ናፍቆትን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ፌበን አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ነው፤ መልሱን ላንተ ትቼዋለሁ። ሌንጮንም ስለ ድካሙ አመስግንልኝ። እማዬ ከአንገትህ ስር ትስምሃለች፤ ስትጸልይ ከሁላችን በፊት ስምህን ነው የምትጠራው። አሁን ጉልበቷን በሙቅ ውኃ እያሸሁላት ነው፤ ነገ ቅዳሜ ነው፣ እወጣለሁ ብላለች።

እህትህ ፊልሞና

የካ፣ መሪ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.