የጋዙ ሽታ

አምቦ፣ ጥቅምት 2012

ይድረስ ለወንድሜ ለረዲ። አሰላሙ አለይኩም፤ እንዴት ከርመሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በስልክ ስናወራ አባባ አጠገቤ ስለሚሆኑ ነው የጻፍኩልህ።

ማክሰኞ ከገበያ ስመለስ የጋዝ ሽታ ገና ከበር ተቀበለኝ። አባባ ማድ ቤት ቆመው ክብሪት ይፈልጋሉ። እጃቸውን ይዤ አወጣኋቸውና ሲሊንደሩን ዘግቼ በርና መስኮቱን ከፈትኩ። መብራትም አላበራሁም። ጎረቤታችን ኦቦ ነጋሳ ሲሊንደሩን ግቢ አወጡልኝ።

"ጋዙን ማን ከፈተው አባባ?" አልኳቸው።

"እናትሽ ናታ! ሻይ ልትጥድልኝ።"

እናታችን ካረፈች ሦስት ዓመቷ መሆኑን ሳልነግራቸው ወንበር አውጥቼ ደጅ አስቀመጥኳቸው።

አሁን በከሰል ነው የማበስለው። ኢድን ሳትጠብቅ ብትመጣ ደስ ይለኛል። እስከዚያው ስትደውል መጀመሪያ ስምህን ንገራቸው።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ቀድሪያ